ያገለገለ ሞተር ገዝታችሁ የተያያዘውን ፍሬን ልትነካኩ ላሰባችሁ፦ ጥያቄና መልስ

የፊቱና የኋላው ፍሬን የተያያዘበት ያገለገለ ሞተር ሳይክል ገዝተው «እንዴት ልለያየው?» የሚሉ በዝተዋል። እዚሁ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። ሁለት ነገር ግን አደራ። የሞተሩን ሞዴልና የተሠራበትን ዓመት በፈረንጆቹ ጻፉ። የትኛውንም የፍሬን ቱቦ በቡሎን ደፍናችሁ ደግሞ መንገድ አትውጡ። ይህን ደጋግሜ ስለምለው አትሰልቹ።

ጀማሪው፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የተያያዘ ፍሬን ማለት ምን ማለት ነው? የኔ 125 ላይ ተጽፎ አየሁ።

መልስ፦ አንዱን ስትይዝ ሌላውም አብሮ ይይዛል፣ በቃ። ሰው ሲደነግጥ የኋላውን ብቻ ይረግጣል። በድንገተኛ ማቆም ላይ ግን ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ትልቁን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። አዲስ ነገር አይደለም፤ የጣልያኑ ሞቶ ጉዚ በፈረንጆቹ በ1975 አካባቢ ይሸጠው ነበር፣ ሆንዳ ደግሞ በ1990ዎቹ አወሳሰበው። በአውሮፓ ከ2016 ጀምሮ ለአዳዲስ ሞዴሎች፣ በህንድ ከ2019 ጀምሮ ለአዳዲስ ሞተሮች በሙሉ፣ እስከ 125 ሲሲ ያሉት ወይ የተያያዘ ፍሬን ወይ ኤቢኤስ (ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል ፍሬን) እንዲኖራቸው ሕጉ ያዛል። የአንተም ከዚያ የመጣ ነው።

ቀይ ቪኤፍአር፦ የሆንዳ ቪኤፍአር 800፣ 1999። ከገዛሁት ጀምሮ እጀታው ልስልስ ይላል፣ እስከ መሪው ሊጠጋ ምንም አይቀረውም። መካኒኩ «የዚህ ሞተር ነገር እንዲህ ነው፣ ለያየውና ተገላገል» አለኝ። ሌላ ካሊፐር (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን) ማፈላለግ ጀምሬያለሁ።

መልስ፦ ሞዴልና ዓመት የጻፈ ሰው! እግዜር ይስጥህ።

ካሊፐር መፈለጉን ለጊዜው አቁም። ልስልስ ያለ እጀታ የመያያዙ ጥፋት አይደለም። አየር ነው፣ ወይ ያረጀ ዘይት ነው፣ ወይ ያበጠ የጎማ ቱቦ ነው። የአንተ ሞተር ላይ እጀታው የፊቶቹን ካሊፐሮች የዳር ፒስተኖች ይገፋል፣ ፔዳሉ መሀለኛውን። የግራው የፊት ካሊፐር ደግሞ እንደሌላው ድርቅ ብሎ አልታሰረም። ፍሬን ስትይዝ ዲስኩ ይዞት ትንሽ ይዞራል። ሲዞር እላዩ ላይ ያለችውን ትንሽ ማስተር፣ ማለትም የፍሬን ዘይቱን የምትገፋ ፓምፕ፣ ይጫናል። ያቺ ሁለተኛ ማስተር ዘይቱን በግፊት መቆጣጠሪያው ቫልቭ በኩል ወደ ኋላ ትልካለች። እንግዲህ ይህን ሁሉ ጠመዝማዛ መንገድ አስበው። አየር ሁልጊዜ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጎ ይቀመጣል። መካኒክህ እንደ ተራ ሞተር የፊቱን ሁለት የአየር ማስወጫ ከፍቶ «ጨርሻለሁ» ካለ አየሩ እዚያው ነው።

የሞተሩን የጥገና መጽሐፍ አግኝና አየሩን በተጻፈው ቅደም ተከተል አስወጣ። ቅደም ተከተሉ ለጌጥ አልተጻፈም። ሁለተኛዋ ማስተር ላይ እምቢ ካለህ የግራውን ካሊፐር ከቦታው ፈትተህ ማስወጫው ወደ ላይ እንዲያይ አዘንብለው። ፒስተኖቹ እንዳይወጡ በሸራዎቹ መሀል የዲስኩን ውፍረት የሚያህል ጠፍጣፋ ነገር አስገባ። ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት። ያገለገለ ሞተር ከሆነ ደግሞ ሻጩ ምንም ይበል ምን፣ እንዳልተቀየረ ቁጠረው። ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ልለያይ ካልክ ያኔ እናወራለን።

ፈጣኑ፦ የኔም ፍሬን ጥሩ አይደለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሞዴል። ዓመት። «ጥሩ አይደለም» ማለት ምን ማለት ነው? ይጮሃል? ይለሰልሳል? ይንሸራተታል?

ተራራ ወጪ፦ 125 ሲሲ፣ 2020፣ ፔዳሉን ስረግጥ የፊቱን በካቦ የሚስብ። አፈር መንገድ ላይ የኋላውን ብቻ ስፈልግ የፊቱም ይይዝና ጎማው ይንሸራተታል። ካቦውን ብፈታው?

መልስ፦ የአንተ ጥያቄ ምክንያት አለው። ልቅ አፈር ላይ፣ በተለይ ቁልቁለት ስትወርድ፣ የኋላውን ለብቻው መያዝ መፈለግህ ልክ ነው። በካቦ የሚሠራው ከሁሉም ቀላሉ ነው። ግን መጀመሪያ ማስተካከያውን እይ። ፋብሪካው የፊቱን ዘግየት እንዲል አድርጎ ነው የሚያወጣው። የቀድሞው ባለቤት ካቦውን አጥብቆት ከሆነ የፊቱ ቀድሞ ይይዛል። ወደ ቦታው ስትመልሰው ችግሩ በአብዛኛው ያልቃል።

ካልሆነና ከፈታኸው ካቦውን ተንጠልጥሎ አትተወው። መሪ ሲዞር የሆነ ነገር ይይዛል። የፔዳሉን ጉልበት ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለውን ብረት ሙሉ ለሙሉ አውጣና የዚያው ሞዴል ያልተያያዘ ስሪት ላይ ያለውን ዘንግ ግጠም። የኋላውን ክፍተትም እንደገና አስተካክል።

ባለ ልምድ፦ እኔ እንደሚመስለኝ ይሄ የተያያዘ የሚባለው ነገር ለጀማሪ ነው። መንዳት ለሚያውቅ ሰው እንቅፋት ነው።

ዝናብ ለምኔ፦ መንዳት የሚያውቁትም ይደነግጣሉ ወንድሜ። ውሻ ዘሎ ሲገባብህ «እኔ ልምድ አለኝ» ለማለት ጊዜ የለህም።

ባለ ልምድ፦ ጠባብ ቦታ ላይ ቀስ ብለህ ስትዞር የኋላውን ነካ ታደርጋለህ። የፊቱ አብሮ ሲይዝ ሞተሩ ይወድቃል። ይሄን ያልነዳ አይረዳውም።

ዝናብ ለምኔ፦ ከ250 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሞተር ነው የምነዳው፣ አንዴም በዚህ ምክንያት አልወደቀብኝም።

ባለ ልምድ፦ አንተ ስላልወደቅክ...

መልስ፦ ሁለታችሁም ተዉት። በዝግታ ሲዞሩ ያለው ችግር እውነት ነው። ድንገት ሲደነግጡ የሚያድነውም እውነት ነው። ክርክሩን ሌላ ቦታ ጨርሱት፣ ሰው እየጠበቀ ነው።

ረጅም መንገድ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሆንዳ ኤስቲ 1300 ነው ያለኝ፣ 2005። ረጅም መንገድ ስሄድ የኋላው ቸርኬ በጣም ይሞቃል፣ የሸራ ሽታ አለው። ስቆም ሞተሩን መግፋት ያቅተኛል። ካቀዘቀዝኩት በኋላ ይለቃል። ሸራ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ብለያየው ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ይህን ሞተር ዛሬ እንዳትነጂው። ከዚያ ሌላውን አንብቢ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ሸራ ይቀየራል፣ ዲስክ ይቀየራል፣ ካሊፐር ይታጠባል፣ ሁለተኛዋን ማስተር ግን ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ውስጧ ዘይቱ የሚመለስባት በጣም ጠባብ ቀዳዳ አለች። ዘይቱ ሳይቀየር ሲቆይ እርጥበት ይስባል፣ ዝገትና ጄል የመሰለ ዝቃጭ ይሠራል፣ ያቺን ቀዳዳ ይደፍናል። ግፊቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ መመለሻ ግን የለውም። ሸራው ዲስኩን ሳይለቅ ይቀራል። ሲታሽ ይሞቃል፣ ዘይቱ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ ደግሞ የባሰ ይይዛል። ሲቀዘቅዝ የሚለቅልሽ ለዚህ ነው። ቀላል ነገር አይደለም። ሆንዳ በ2011 ጎልድ ዊንግ 1800 ሞተሮቹን ለጥገና የጠራው በዚችው በሁለተኛዋ ማስተር ምክንያት የኋላው ፍሬን ሳይለቅ ቀርቶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል ብሎ ነው።

እንዲህ ፈትሺው። ሞተሩን በመሀል መቆሚያው አቁሚው፣ የኋላው ጎማ ከመሬት ይነሳ። አንድ ሰው የኋላውን ጎማ በእጁ ያዙር። አንቺ የግራውን የፊት ካሊፐር ይዘሽ ፍሬን ሲያዝ ወደሚዞርበት አቅጣጫ፣ ወደ ላይ፣ በደንብ ግፊው። የኋላው መያዝ አለበት። ስትለቂው ወዲያው በነፃነት መዞር አለበት። ከያዘ በኋላ ካልለቀቀ ማስተሯ ናት ዋናዋ ተጠርጣሪ። ሳትይዢው ሁሉ ካልዞረ ደግሞ የኋላው ካሊፐር ፒስተኖችና ተንሸራታች ፒኖቹም አሉበት።

ማስተሯን አውርደሽ ፈትተሽ በንጹሕ የፍሬን ዘይት እጠቢያት። ቀዳዳዋን በቀጭን ለስላሳ ሽቦ ብቻ፣ እንዳይሰፋ። ግድግዳዋ ከተቧጨረ አትልፊው፣ አዲስ ግዢ። ጎሚኒዎቹን ቀይሪ። ቤንዚን ወይም ናፍጣ እንዳይነካት፣ ጎሚኒው ያብጣል። መለያየት የዚህ በሽታ መድኃኒት አይደለም። ያልተቀየረ ዘይት ሌላ ማስተር ላይም ያንኑ ይሠራል።

ፈጣኑ፦ ማስተሯ እንዲህ ከሆነች ቱቦዋን ፈትቶ ቀዳዳውን በቡሎን መድፈን አይቀልም?

መልስ፦ ከላይ ምን ብዬ ነው የጀመርኩት? አይደፈንም። አንተ የደፈንከው ቡሎን የተሠራው ለዚያ ግፊት አይደለም፣ የመዳብ ዋሸሩም ልክ አይሆንም። ከላላ ዘይቱ በዲስክህና በጎማህ ላይ ይፈስሳል። ባይላላ እንኳ የግራው ካሊፐር የሚገፋው ነገር ስለማይንቀሳቀስ አሠራሩ ሁሉ ይዛባል። ግማሽ የተለያየ ፍሬን ከተያያዘውም ከተለያየውም ይብሳል። ሞዴሉንም እስካሁን አልጻፍክም።

ቀይ ቪኤፍአር፦ ጋሼ፣ አየሩ ወጣ፣ እጀታው ጠነከረ። ግን ለማወቅ ያህል፣ ሰው ሲለያይ የፊቱን ሦስቱንም ፒስተን ከእጀታው ጋር ያገናኛል አሉ። ይሠራል?

መልስ፦ ይይዛል። ሒሳቡን ካልሠሩ ግን አይመችም። ሦስቱም ፒስተኖች እኩል ናቸው ብለን እንያዝ። እጀታው ሁለት ይገፋ ነበር፣ አሁን ሦስት ሊገፋ ነው። የሚፈልገው ዘይት በግማሽ ጨመረ። ማስተሩ ያው ከሆነ እጀታው መጓዝ ያለበትም በግማሽ ይጨምራል። ወደ መሪው ተጠጋ ማለት ነው። የድሮውን ርቀት ከፈለግክ የማስተሩ ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። ስፋቱ በዲያሜትሩ ካሬ ስለሚሄድ ዲያሜትሩ በ1.22 ይባዛል። 12.7 ሚሊሜትር የነበረው ወደ 15.6 ይጠጋል።

«ትልቅ ማስተር ይሻላል» የሚሉም አሉ። ካሊፐሩ ሳይነካ 14 ሚሊሜትሩን ማስተር በ16 ብትቀይር በዚያው የእጅ ጉልበት የምታገኘው ግፊት በሩብ ገደማ ይቀንሳል። እጀታው እንጨት ይሆናል፣ ሰዉ ግን «ጠነከረ» ብሎ ይደሰታል።

በትክክል መለያየት ከፈለግክ ካሊፐሮቹን ያልተያያዘ ፍሬን ካለው ሞተር አምጣ። የግራው የፎርክ እግር ማሰሪያ ስለሚለይ እሱም ይቀየራል። ማስተሩ ከካሊፐሮቹ ጋር ይመጣጠን። ከፔዳሉ ማስተር ወደ ኋላው ካሊፐር አንድ ቀጥተኛ ቱቦ ይሂድ፣ ቫልቮቹ ሁሉ ይውጡ። የኋላው ከበፊቱ የበለጠ ሊይዝ ስለሚችል መኪና በሌለበት ቦታ ቀስ ብለህ ልመደው።

ሐምራዊ ዘይት፦ የፍሬን ዘይቱን ደረጃ ዶት 5 ብናደርገውስ? እርጥበት አይስብም፣ ያቺ ቀዳዳም አትደፈንም።

ዝናብ ለምኔ፦ 5.1 ነው የምትለው። 5 ሲሊኮን ነው።

ሐምራዊ ዘይት፦ ያው አይደለም? ቁጥሩ ተቀራራቢ ነው።

መልስ፦ ያው አይደለም! ዶት 5 ሲሊኮን ነው፣ ከ3፣ ከ4 እና ከ5.1 ጋር አይደባለቅም። ክዳኑ ላይ 4 ከተጻፈ 4 አድርግ። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፣ እርጥበት ከሳበ ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ቀይሩት። ውድ ዘይት ገዝቶ አምስት ዓመት ከመተው ተራውን በጊዜው መቀየር ይበልጣል።

ተራራ ወጪ፦ ኤቢኤስም ያለው ከሆነስ ይለያያል?

መልስ፦ አትንካው።

ዝናብ ለምኔ፦ ኢንሹራንስስ?

መልስ፦ ውልህን አንብብ፣ የፍሬን ለውጥ አሳውቃቸው። የዓመታዊ ምርመራውንም ሕግ ባለህበት ጠይቅ።

ባለ ልምድ፦ እኔ ለያይቼ ጨርሻለሁ። የነቀልኩትን ዕቃ ልሸጠው ነው፣ ካሊፐሮቹ ጥሩ ናቸው።

መልስ፦ አትሽጥ። ሞተሩን የሚገዛህ ሰው እንደ ፋብሪካው ይመልሰው ይሆናል። ዘይቱን አፍስስ፣ ቀዳዳዎቹን በፕላስቲክ ክዳን ዝጋ፣ የእያንዳንዱን ቱቦ መነሻና መድረሻ ጽፈህ እላዩ ላይ እሰር። ስትሸጥም ፍሬኑ መለያየቱን ለገዢው ንገረው። ፔዳሉን ረግጦ የፊቱ ይይዛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ሊሆን ይችላል።