ቤቱ ሳይገዛ ክፍሉ ታደለ

ጥያቄ፦ እስራኤል ውስጥ፣ ክርያት ያም በኪራይ ነው የምንኖረው። ሦስት ልጆች አሉን። ባለቤቴ ዓኮ ውስጥ፣ ከአሮጌው ከተማ ግንብ ወጣ ብሎ፣ ጓሮ ያለው ያረጀ ባለ አንድ ፎቅ ቤት አግኝቷል። እናቱ አፓርታማቸውን ሸጠው ገንዘብ ሊጨምሩና ከታች እሳቸው፣ ከላይ እኛ ልንሆን ተነጋግረው ጨርሰዋል። እኔ የሰማሁት ቡና ላይ አማቴ "የእኔ ክፍል በሎሚው ዛፍ በኩል ነው" ሲሉኝ ነው። ቤቱ ማማድ፣ ከሚሳኤል የሚጠብቅ የተጠናከረ ክፍል፣ የለውም። እናቴም እዚሁ ክርያት ያም ናት። እምቢ ስለው "እናቴን ስለማትወጃት ነው" ይለኛል። እሱ እ.ኤ.አ. በ1991 በሰባት ዓመቱ ከኢትዮጵያ መጥቶ ሐጽሮት ያሳፍ በሚባለው የካራቫን (የጊዜያዊ ቤቶች) ሰፈር ነው ያደገው። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነን፣ ከልጆቹ ጉዳይ በቀር አናወራም።

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቴም ሎሚው ዛፍ ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። አማትሽ ክፍላቸውን መርጠዋል፣ አንቺ ግን እንዲህ ያለ ቤት መኖሩንም አታውቂም ነበር። የማማዱም የእናትሽም ነገር እውነት ነው። ግን ነገ እዚያው ዓኮ ማማድ ያለው ቤት ቢገኝ ደስ ብሎሽ ትፈርሚያለሽ? አይመስለኝም። ያመመሽ አለመጠየቅሽ ነው። ይህን ለራስሽ ካላመንሽ፣ ክርክሩ ሁሉ ስለ ግድግዳና ስለ ርቀት ሆኖ ይቀራል።

ሐጽሮት ያሳፍን በአንድ መስመር ነክተሽ አልፈሻል። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር እሱ ነው። በዚያው ዓመት በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከኢትዮጵያ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ገባ። ለዚያ ሁሉ ሰው የሚሆን ቤት አልነበረም፣ ብዙ ቤተሰብ ለዓመታት በካራቫን ኖረ። ሐጽሮት ያሳፍ ደግሞ ዓኮ አጠገብ ነው። በካራቫን ካደጉ ሰዎች ጋር ብዙ ተቀምጫለሁ። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው እንቅልፍ እንዴት እንደሚጠፋ ይነግሩኛል። እናታቸው ሌሊት ያለቀሰችውን በስስ ግድግዳ ሲሰሙ ማደራቸውን ግን የሚነግሩኝ ቆይተው ነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከዚያ የወጣ ልጅ ወደ ዓኮ ገበያ ሲወርድ ያየው ወፍራም የድንጋይ ግንብ ነው። ናፖሊዮን በ1799 ሁለት ወር ከቦ ሊገባባት ያልቻለች ከተማ ናት። ባለቤትሽ ዛሬ እናቱን ጠንካራ ግድግዳ ውስጥ፣ አፈር ላይ ሊያሳርፋቸው የፈለገ ይመስለኛል። ልሳሳት እችላለሁ፣ ስለዚህ እሱኑ ጠይቂው።

ይህን ተረጂለት ስልሽ ግን ፈርሚ ማለቴ አይደለም።

ማማዱን ሌላ ሰበብ አድርገሽ አታቅርቢው፣ ለአማትሽም የሚጠቅም ጉዳይ ነውና። ማማድ ግዴታ የሆነው ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ በተሠሩ ቤቶች ነው፣ ያረጀ የድንጋይ ቤት ከየት ያመጣዋል? በ2024 መከር ዓኮ ውስጥ ሳይረኑ ስንቴ እንደጮኸ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። "ሌሊት ሲጮህ እኔ ሦስቱን ልጆች ስይዝ፣ እናትህን ማን ደግፎ ሚክላት፣ የሕዝብ መጠለያው፣ ያደርሳቸዋል?" በይው። የባሏን እናት የማትወድ ሴት እንዲህ አትጠይቅም።

የገንዘቡ ነገር ደግሞ አሁኑኑ ይነሣ፣ ቢያሳፍርም። ለመጀመሪያ ቤት ባንክ በማሽካንታ (በቤት መግዣ ብድር) የሚሰጠው እስከ 75 በመቶ ነው። ሩቡን ከእጃችሁ ማምጣት አለባችሁ፣ እሱን የሚሞላው የአማትሽ አፓርታማ ነው ማለት ነው። ታዲያ ታቡ (የንብረት መዝገቡ) ላይ የማን ስም ይገባል? ወንድሞችና እህቶች ካሉት ዛሬ ዝም ይሉ ይሆናል፣ እናታቸው በሕይወት አሉና። ከእሳቸው በኋላ ግን ያ ገንዘብ ስጦታ ነበር ወይስ ድርሻ እየተባለ ስንት ቤተሰብ ሲበተን አይቻለሁ። ከመፈረም በፊት ጠበቃ ይጻፈው። ቤቱንም መሐንዲስ ይየው፣ የባሕር ጨው ብረት ይበላል፣ እርጥበቱም የዋዛ አይደለም።

ሽማግሌ ለመጥራት አትቸኩሉ። ሽማግሌ አከብራለሁ፣ ግን አሁን ቢመጡ "እናት ናቸው፣ ተይ" ብለው አስታርቀዋችሁ ይሄዳሉ፣ አንቺም ቂምሽን ይዘሽ ዕቃ ትጭኛለሽ።

መጀመሪያ ቤቱን ሁለታችሁ ብቻ ሄዳችሁ እዩት። ዓርብ ጠዋት ልጆቹን እናትሽ ጋ ተዪአቸው። ስለ ዋጋ አታውሩ። ጓሮው ውስጥ ቁጭ በሉና "ካራቫኑ ውስጥ አንተ የት ነበር የምትተኛው?" በይው። ሳታቋርጪ ስሚው። ሲጨርስ ያንቺን ተናገሪ፦ "ቤቱን ከእናትህ አፍ ስሰማ እንግዳ የሆንኩ መሰለኝ።" ይህን ያህል በቂ ነው፣ የዓመታቱን ሁሉ አትዘርዝሪ።

አማትሽ ምናልባት አንቺ የተስማማሽ መስሏቸው ይሆናል፣ ክፍላቸውን የነገሩሽም በደስታ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነገሩ ገና እንዳላለቀ አንቺ አትንገሪያቸው። መንገር ያለበት ልጃቸው ነው፦ "እማዬ፣ ከሚስቴ ጋር ሳልመክር ነው ቃል የሰጠሁሽ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" ብሎ።