«አንሲን አካዳሚካልስ» ለከበደው አንባቢ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ «ኳስ ስለምወድ የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቴሪ ፕራቼትን ልብ ወለድ ‹አንሲን አካዳሚካልስ› በእንግሊዝኛ ጀመርኩ፤ 60 ገጽ ሄጄም ግጥሚያ የለም፣ ስሙ በዛብኝ፣ ቀልዱም አልያዘኝም፤ ልተወው?» የሚል ነው። አትተወው፤ አነባበብህን ግን ቀይር።

ትልቁ ግጥሚያ የሚመጣው ወደ መጨረሻው ነው። እስከዚያ የምታገኘው ኳስ የመንገድ ላይ ግፊያ ነው። መስመር የለው፣ የተጫዋች ቁጥር የለው፤ ሰፈር ከሰፈር ይጋፋል፣ ሰው ይሞታል፣ ኳሷም ጨርቅ የተጠቀለለባት እንጨት ናት። እንግሊዝ ውስጥ በ1863 እ.ኤ.አ. የእግር ኳስ ማኅበሩ ደንብ ሳይጽፍለት በፊት መንደር ከመንደር የሚጋጠምበት ጨዋታ እንዲህ ያለ ነበር። አንተ የገናን ጨዋታ አስብ፤ ሩሯን፣ ትርምሱን፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» መባሉን። ልብ ወለዱም ጌታና ሎሌን አንድ ሜዳ ላይ ያገናኛል። ታሪኩ የሚካሄድበት የአስማት ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ አስማተኞቹ፣ ወደው አይጫወቱም፤ ለማዕዳቸው የሚውለው የኑዛዜ ገንዘብ እንዳይቋረጥ ቡድን ማሰለፍ ግድ ሆኖባቸው ነው።

ስሞቹን በተመለከተ፣ አስማተኞቹን ለጊዜው ተዋቸውና አራት ሰው ብቻ ያዝ። ኑት ምድር ቤት ሻማ ላይ ሰም የሚያንጠባጥብ ሠራተኛ ነው (ሻማው የቆየ እንዲመስል በእጅ ይንጠባጠባል፤ ሥራው ይኸው ነው)። ግሌንዳ የሌሊቱ ወጥ ቤት ኃላፊና የፓይ ጋጋሪ ናት። ትሬቭ አባቱ ስመ ጥር ተጫዋች የነበረ፣ በዚያው ጨዋታ የሞተበት ልጅ ነው፤ ለእናቱ ኳስ ላይጫወት ቃል ገብቷል፣ ቆርቆሮ ግን ሲመታ የሚደርስበት የለም። ጁልየት ግሌንዳ የምትጠብቃት ቆንጆ ናት፤ ቤተሰቧ ከትሬቭ ሰፈር ጋር የሚጋጠመው ሰፈር ደጋፊ ነው። ከበደ ሚካኤል የተረጎሙትን «ሮሜዎና ዡልየት» ያነበበ ሰው እዚህ ጋ ወዲያው ይነቃል።

ቀልዱ የሚያመልጠው ብዙውን ጊዜ ከፍጥነት ነው። ታሪኩ በምዕራፍ ስላልተከፈለ ድካም ላይ የትም ቦታ ይቆረጣል፣ ማግስቱን ሲመለሱ ማን ከማን ጋር እንደነበር ይጠፋል። ባዶ መስመር እስክታገኝ አንብብና እዚያ አቁም፤ በአንድ ቁጭታ 20 ገጽ ይበቃል። የግርጌ ማስታወሻውን ምልክቱ ላይ እንደደረስክ አንብበው፤ ለኋላ ካቆየኸው ቀልዱ ይበርዳል። የትሬቭ ንግግር የተጻፈው በሠፈር አነጋገር፣ ፊደል እየተዋጠ ነው፤ ዓይንህ ካልፈታው ድምፅ አውጥተህ አንብበው፣ ጆሮህ ይፈታዋል።

ኑት ላይ ግን ዘግይ። ሲናገር ከልክ በላይ ትሑትና የተማረ ነው፤ መጀመሪያ ያስቃል። ከዚያ ትሕትናው ከፍርሃት እንደሚመጣ ይገባሃል። ይህ ልጅ በየቀኑ የሚጠቅም ነገር ካልሠራ ለመኖር የማይገባው ይመስለዋል፤ «ዋጋ አለኝ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከአእምሮው አይወጣም። ግሌንዳም የራሷ ሸክም አለባት። ዓሣ ሻጭ ዘንድ የሸርጣን ባልዲ ታያለች፤ ክዳን የለውም፣ ምክንያቱም አንዱ ሊወጣ ሲል ሌሎቹ ጎትተው ይመልሱታል። ከዚያ በኋላ ራሷ ጁልየትን ስንት ጊዜ እንደጎተተች ማሰብ ትጀምራለች። ለእኔ የመጽሐፉ ልብ ይህ ነው። የፋሽን ትርዒቱ ክፍል ለአንዳንድ ሰው ይረዝማል፤ ነገር ግን የግሌንዳ ለውጥ እዚያ ስለሚታይ አትዝለለው።

ኑት ከምን ዘር እንደሆነ ኢንተርኔት ላይ አትፈልግ። ማጠቃለያዎቹ በመጀመሪያው መስመር ያፈርጡታል፣ ያኔ የመሐሉ ግማሽ ኃይሉን ያጣል።

የ2009 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ነው፣ ፕራቼት «ዲስክወርልድ» ስለሚባል ምናባዊ ዓለም ከጻፋቸው 41 ልብ ወለዶች 37ኛው። የቀደሙትን ማንበብ አያስፈልግህም። ከተማዋ አንክ-ሞርፖርክ እንደምትባል፣ ቬቲናሪ የሚባል ብልህ ገዥ እንዳላት፣ የዩኒቨርሲቲው የመጻሕፍት ቤት ኃላፊም በአስማት አደጋ ኦራንጉታን ሆኖ ወደ ሰውነት መመለስ እንዳልፈለገ ካወቅህ ይበቃል። ግብ ጠባቂው እሱ ነው።

የመጨረሻውን ግጥሚያ ግን አትከፋፍለው፤ ዳኛው ፊሽካ ከነፋ በኋላ እስኪያልቅ በአንድ ቁጭታ አንብበው።