«ስራዬን አለቃዬ አቀረበው፣ እኔ አጨበጨብኩ» ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ላላነበቡት ባጭሩ ልድገመው። የምትሰሪው ሂሳብ ክፍል ነው። መስክ የሚወጡ ሰራተኞች የሚወስዱት የውሎ አበል ቅድመ ክፍያ ሳይወራረድ ይከርማል፣ ኦዲተሩም በየዓመቱ ያነሳዋል። ማንም ሳያዝሽ ማን መቼ ስንት ወስዶ እንዳላወራረደ የሚያሳይ መከታተያ በኤክሴል ሰራሽ። ዘንድሮ ያ የኦዲት ግኝት ቀረ። የማኔጅመንት ስብሰባ ላይ ግን አለቃሽ ተነስቶ «አዲስ አሰራር ዘርግተናል» አለ። ተጨበጨበለት። አንቺም አጨበጨብሽ። «ስራው ራሱ ይናገራል ብዬ ዝም አልኩ፤ ብናገርም ጉረኛ እባላለሁ» ብለሻል።

ስራው ይናገራል የሚለውን እርሺው። የደረጃ እድገት ኮሚቴ ውስጥ በሰራተኛ ተወካይነት ለዓመታት ስለተቀመጥኩ እዚያ ምን እንደሚታይ ልንገርሽ። የሚቀርበው ማህደር ነው። የትምህርት ማስረጃ አለ፣ የአገልግሎት ዘመን አለ፣ የስራ አፈጻጸም ውጤት አለ፣ የዲሲፕሊን ቅጣት ካለ እሱም አለ። አለቆች ሰው ላለማስቀየም ለሁሉም ዘጠና ምናምን ስለሚሰጡ የተወዳዳሪዎቹ ውጤት ይተናነቃል። ታዲያ በምን ይለዩ? አንዱ «እሷን አውቃታለሁ፣ ጎበዝ ልጅ ናት» ይላል። ሌላው «የቷ ናት? ያቺ ዝምተኛዋ?» ይላል። ከዚያ ወደ ሚቀጥለው ስም ይታለፋል።

አንድ ጊዜ ግን የአንዲት የንብረት ክፍል ሰራተኛ ማህደር ውስጥ የተያያዘ አንድ ገጽ ማስታወሻ አገኘን። መጋዘን ውስጥ ቦታ ይዞ የኖረ ያገለገለ ጎማና ባትሪ ዝርዝር አውጥታ ይወገድ ብላ ያቀረበችበት ነው። ከስሩ ሃላፊዋ «ተፈጻሚ ይሁን» ብሎ ፈርሟል። ጥግ ላይ በእስክሪብቶ የጨረታው ገቢ ደረሰኝ ቁጥር ተጽፏል። ልጅቷ ከማንም የባሰች ዝምተኛ ነበረች። ክርክሩ ግን እዚያው ላይ አለቀ።

አለቃሽ የግድ ሌባ ነው ማለቴ አይደለም። (አንዳንዱ ነው፤ እመለስበታለሁ።) የመስሪያ ቤቶቻችንን ሪፖርት አንብቢ እስኪ። ሁሉም ነገር ተሰርቷል፣ ተዘርግቷል፣ ተመቻችቷል፣ ተከናውኗል። ማን ሰራው? እግዜር ይወቀው። አለቃሽም እጁ የለመደው እንደዚህ መጻፍ ነው፤ አንቺም ወርሃዊ ሪፖርትሽን እንደዚያው ጽፈሽ ሰጥተሽው ይሆናል። ስምሽ የሌለበትን ወረቀት ይዞ ቢነሳ ስምሽን ከየት ያምጣው?

ስለዚህ መጀመሪያ የምነግርሽ ስብሰባ ላይ ድምጽሽን ስለማሰማት አይደለም። ሪፖርትሽን ስለማስተካከል ነው። «በወሩ ውስጥ የቅድመ ክፍያ ሂሳብ የማወራረድ ስራ ተከናውኗል» ብለሽ አትጻፊ። እንደዚህ ጻፊ፤ ቁጥሩን ከሃሳቤ ነው ያመጣሁት፣ የራስሽን ታስገቢበታለሽ፦

«በጥር ወር መጨረሻ ከ30 ቀን በላይ የቆየ ያልተወራረደ ቅድመ ክፍያ 41 ነበር። በመጋቢት መጨረሻ 6 ሆኗል። መከታተያውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። የመስክ መውጫና መመለሻ ቀን በየሳምንቱ የሚልክልኝ የስምሪት ሃላፊው ነው። የቀሩት 6ቱ ወደ ቅርንጫፍ የተዛወሩ ሰራተኞች ስለሆኑ፣ ከደሞዛቸው ይቆረጥ አይቆረጥ የሚለው የአቶ እገሌን ውሳኔ ይጠብቃል።»

እዚህ ውስጥ «እኔ» አንዴ ብቻ ነው የገባችው። የስምሪት ሃላፊውን ስም ስትጠሪው ደግሞ ምስክር አገኘሽ፤ ነገ ቡና ላይ «እሷ ናት እኮ የሰራችው፣ ቀኑን ስልክላት የነበርኩት እኔ ነኝ» የሚለው እሱ ነው። ለአለቃሽም የሚወስነው ነገር ስለተውሽለት ሪፖርቱን ሳይነካካ ወደ ላይ ያሳልፈዋል። ብዙ ጊዜ ሪፖርት የሚቆራረጠው ለአለቃው ቦታ ስለሌለው ነው።

ሂሳብ ክፍል በመሆንሽ ደግሞ እድለኛ ነሽ። እናንተ ዘንድ ወረቀት ያለ ፊርማ አይንቀሳቀስም። የወጪ ማዘዣው ግርጌ ላይ ያሉትን ሶስት መስመሮች ታውቂያቸዋለሽ፦ ያዘጋጀው፣ ያረጋገጠው፣ ያጸደቀው። ያንን መከታተያሽ ላይም አድርጊው። በየወሩ መጨረሻ አትሚና «ያዘጋጀው» ላይ ፈርሚ፣ «ያጸደቀው» ላይ አለቃሽን አስፈርሚ። ማንም ጉራ ነው አይልሽም፣ የሙያው ወግ ነው። ፋይሉን በቴሌግራም ብቻ የምትልኪ ከሆነ ግን ሶስተኛው ሰው ጋ ሲደርስ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ቢያንስ ገጹ አናት ላይ ስምሽና ቀኑ ይኑር።

«በባህላችን ስለራስ መናገር ነውር ነው» ያልሽው ላይ ግን አልስማማም። ፉከራ ያለን ህዝብ እኮ ነን! ነገሥታቱ ሳይቀሩ በፈረስ ስማቸው ይጠሩ ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። ፎካሪው ዘራፍ ብሎ ሲነሳ የዋለበትን ይናገራል፣ የጣለውን ይናገራል፣ «የእገሌ አሽከር» ብሎ የጌታውን ስም ከራሱ ጋር ያነሳል። የሚፎክረውም ግብር (ግብዣ) ላይ፣ አብረውት የዘመቱ ሰዎች ፊት ነው። ቢዋሽ እዚያው ይዋረዳል። ቦታ አለው፣ ምስክር አለው፣ የአለቃ ስም አለው። ጉረኛ የምንለው ያለ ቦታውና ያለ ምስክር የሚፎክረውን ነው። ካፌ ውስጥ «እኔ ባልኖር ይሄ መስሪያ ቤት ይዘጋ ነበር» የሚለውን ሰውዬ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ለሴት ነገሩ እንደሚብስ አልክድሽም። ወንድ ሲናገር «በራሱ ይተማመናል» ይባላል፣ ሴት ስትናገር «አፍ አላት» ትባላለች። እኔም ተብያለሁ። ይሄን የሚያጠፋ ዘዴ የለኝም። ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ግን «አፍ አለው» አይባልም፣ በቁጥር እንድትጀምሪ የምወተውትሽ ለዚህም ነው።

አሁን ወደ ስብሰባው እንምጣ። አለቃሽ «ዘርግተናል» ሲል ተነስተሽ «እኔ ነኝ የሰራሁት» ብትዪ አንቺ እውነት ይዘሽ ትሸነፊያለሽ፤ ቤቱ ሁሉ ላዋረድሽው ሰው ያዝናል። እጅሽን አውጪና ሰሪው ብቻ የሚያውቀውን አንድ ዝርዝር ጨምሪ። «አቶ እገሌ ባሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። መከታተያውን ሳዘጋጅ የተቸገርኩት ሰው መስክ ቆይታውን ሲያራዝም ቀኑ ስለማይነገረኝ ነበር። ከሐምሌ ጀምሮ የመውጫ ፎርሙ ላይ አንድ መስመር ቢጨመር ለቅርንጫፎችም ይሰራል።» በቃ፣ ተቀመጪ። ማን እንደሰራው የማይገባው ሰው የለም፣ አለቃሽም አልተነካም። በዚያው ቀን ከሰዓት «በዛሬው ስብሰባ በጠቀስኩት መሰረት» ብለሽ አጭር ኢሜይል ላኪለት።

ቃለ ጉባኤ መያዝ ብዙ ጊዜ ለሴት ነው የሚጣለው፤ ያናድዳል፣ አውቃለሁ። ቢሰጥሽ ግን አትናቂው። «ሃሳብ ቀርቧል» ብለሽ አትለፊ፤ ማን እንዳቀረበው ጻፊ፣ የሁሉንም ሰው። ስምሽ ከሌሎቹ መሃል ሲገባ ማንም አይገረምም። ሌላ ሰው ከያዘው ደግሞ ሲወጡ ጠጋ ብለሽ «ያልኳትን አስገብተህልኛል አይደል?» በዪው።

አዲስ ሃሳብ ሲኖርሽ ቀኑ ወሳኝ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ እቅድ የሚነደፈው ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው። ነሐሴ ላይ ድንቅ ሃሳብ ይዘሽ ብትሄጂ «እቅዱ ጸድቋል፣ ለሚቀጥለው ዓመት እናየዋለን» ትባያለሽ። ሚያዝያ ላይ አንድ ገጽ አድርገሽ አቅርቢ፤ ችግሩ ይሄ ነው፣ የሚያስወጣን ይሄን ያህል ነው፣ የሚሰራው እገሌ ነው። ከአፍሽ በፊት ወረቀቱ ይቅደም። ኮሪደር ላይ በቃል የተነገረ ሃሳብ በሳምንቱ የሁሉም ሰው ሃሳብ ይሆናል። ለአለቃሽ ብቻ ላኪው፣ ለበላዩ ግልባጭ አታድርጊ። እኛ አገር አለቃን መዝለል ጦርነት ማወጅ ነው።

የግማሽ ዓመት ምዘና ፎርሙን ሳታነቢ ፈርመሽ እንዳትመልሽ። መጨረሻው ላይ «የሰራተኛው አስተያየት» የምትል ባዶ ቦታ አለች፤ አብዛኛው ሰው «በውጤቴ ተስማምቻለሁ» ብሎ ያልፋታል። ሁለት ሶስት መስመር ከነቁጥሩ ሙያት። ያቺ ወረቀት ናት ማህደር የምትገባው።

ውጭ አገር ሆናችሁ የምታነቡ፣ እናንተ ጋ ደግሞ ሰራተኛው ራሱን እንዲመዝን ፎርም የሚሰጥባቸው ብዙ ቦታዎች አሉ። ሜሪላንድ ሆስፒታል የምትሰራ አንዲት ዘመዴ በትህትና ለራሷ ከአምስት ሶስት ሶስት ስትሰጥ ኖረች። አለቃዋም እሺ ብላ ፈረመችላት። «አይ፣ አንቺማ ጎበዝ ነሽ» ብሎ የሚከራከር ሰው እየጠበቀች ነበር። እዚያ ማንም አይከራከርሽም፣ የጻፍሽው እንዳለ ይወሰዳል።

አሁን ሌባው አለቃ። ይሄን ሁሉ አድርገሽ ስምሽን ከሪፖርቱ ላይ እየፋቀ የሚያቀርብ ከሆነ ነገሩ የአጻጻፍ ልማድ አይደለም። ብቻውን አግኚውና ሳትወቅሺ ጠይቂው፦ «ጋሼ፣ የሚቀጥለውን ሩብ ዓመት የእኛን ክፍል ክንውን እኔ ላቅርበው? ከጎን ሆነው ይረዱኛል።» እሺ ካለ ተገላገልሽ። እያደር ሰበብ ካበዛ ግን አይለወጥም። ለሰው ሃይል ክፍል አቤት በዪ የሚሉሽ አሉ። እኔ አልመክርሽም፤ ሃሳቤን ሰረቀኝ የሚል አቤቱታ አሸንፎ ሲወጣ አላየሁም። ሌላ ክፍል የዝውውር ቦታ ካለ እሱን ፈልጊ። ከሌለ ሌላ መስሪያ ቤት።

ለመልቀቅ ከወሰንሽ አንድ ነገር እወቂ። የአሰሪና ሰራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚመለከትሽ ከሆነ አሰሪሽ የስራ ልምድ ማስረጃ በነጻ ሊሰጥሽ ግዴታ አለበት፤ ስትለቂ ብቻ ሳይሆን በጠየቅሽ ጊዜም። ማስረጃው እንዲይዝ የታዘዘው ግን የስራሽን አይነት፣ የአገልግሎት ጊዜሽንና ደሞዝሽን ነው። ስለ መከታተያው አንዲት ቃል አይገባበትም። ስለዚህ መልቀቂያሽን ከማስገባትሽ በፊት፣ ገና ፊት ሳይዞርብሽ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ለብቻው ጠይቂ። ረቂቁን ራስሽ ጽፈሽ ውሰጂላቸው፤ ከ41 ወደ 6 ባልኩት ቦታ የራስሽን ቁጥር ከነወሩ አስገቢበት። ለመፈረም የማይቸገር ሃላፊ ደብዳቤ ለመጻፍ ይሰንፋል። አለቃሽ እንቢ ካለ ወደ ስምሪት ሃላፊው ሂጂ፣ እሱም ማህተም አለው።