ትምህርት ቤት ይሰራ ሲባል ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ

ጥያቄ፦ እንደምን ከረማችሁ የዝግጅት ክፍሎች። የምጽፈው ከምስራቅ ጎጃም ነው፣ የከተማውን ስም ግን አደራ አታውጡብኝ ሰው ያውቀኛል። ሰፈራችን ከተማው ጫፍ ላይ ነው፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ሰፊ ሜዳ አለ፣ ከድሮ ጀምሮ ላም የሚታሰርበት፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ለቅሶ ሲኖር የእድሩ ድንኳን የሚተከልበት፣ ቤተክርስቲያን ስንሄድም አቋርጠነው የምናልፈው ነው። ዘንድሮ የመንግስት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊሰራበት ነው ተባለና ቀያሾች መጥተው ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ተክለው ሄዱ። በሳምንቱ ግማሹ ችካል የለም፣ አንዱን በኋላ ጎረቤት ግቢ ጥጃ ታስሮበት አየሁት፣ ሳቄ መጣ ግን ዝም አልኩ።

ከዛ ፊርማ ማሰባሰብ ተጀመረ። ባለቤቴ የእድሩ ጸሐፊ ስለሆነ ወረቀቱን የጻፈው እሱ ነው፣ "ሰላም እናጣለን፣ ጫጫታ ይበዛል፣ ሌባ ይለምደናል፣ ሌላ ቦታ ይሰራ" ነው የሚለው። ወረቀቱ ቡና እየተጠጣ ከቤት ቤት ዞረ፣ መጻፍ የማይችሉት እናቶች ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ግን እጄ አልሄደም። ልጄ ሶስተኛ ክፍል ናት፣ አስፓልት ተሻግራ 40 ደቂቃ ነው በእግሯ የምትሄደው፣ ትምህርቱ ፈረቃ ነው፣ የከሰዓት ተራዋ ሲሆን ሰኔ ላይ በጭቃ ሊመሽ ሲል ነው የምትደርሰው፣ ክፍላቸው ውስጥ ደግሞ 80 ምናምን ናቸው። አልፈርምም አልኩ። አሁን ባለቤቴ ሰው ፊት አዋረድሽኝ ብሎ አኩርፏል፣ ጎረቤትም ቡና መጥራት ትቷል፣ አንዷማ በር ላይ አግኝታ "የመንግስት ሰው ሆነሻል አሉ" አለችኝ። ግን እውነቱን ለመናገር እነሱም ዝም ብለው አይደለም፣ መንገዱ ከተዘጋ አሮጊቶቹ በየት በኩል ነው ቤተክርስቲያን የሚሄዱት፣ የውሃ ጉድጓዳችንም እዛው ሜዳው ዳር ነው። ህጉ ምን ይላል፣ ማስቆምስ ይቻላል ወይ? እኔስ ምን ላድርግ?
ስሜ ይቆይ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የባለቤትሽ ወረቀት ላይ ያለው ጫጫታና ሌባ ነው፣ አንቺ ግን መጨረሻ ላይ ሳታስቢው መንገዱንና ጉድጓዱን አነሳሽ። እኔ እንደሚመስለኝ የሰፈሩ እውነተኛ ጭንቀት ያ ነው፣ ጫጫታው የወረቀት ማሳመሪያ ነው። እንደውም ጎጃም ላይ ተቀምጦ በተማሪ ጫጫታ መማረር ትንሽ ያስተዛዝባል። የቤተክህነት ትምህርት ቤት ባለባቸው በዋሸራና በዲማ ያለ ገበሬ ስንቱን የቆሎ ተማሪ ነው በር ላይ ቆሞ "በእንተ ስማ ለማርያም" ሲለው ቁራሽ የሰጠው፣ ውሻው ተማሪውን እየነከሰ እንኳ፣ ሌሊት እየተነሳ ሲያዜም ማንም ፊርማ አላሰባሰበበትም። ይሄን ለባለቤትሽ አሁን አትንገሪው፣ ኩርፊያው ሲበርድ ይደርሳል።

ወደ ህጉ ልምጣ። ሰዉ ሜዳው የኛ ነው ብሎ ያምናል፣ ስንት ዓመት ድንኳን ተክሎበታል፣ ግን የ1987ቱ ህገ መንግስት አንቀጽ 40 መሬት የመንግስትና የህዝብ ነው ነው የሚለው፣ እድሩ ደግሞ የሜዳው ካርታ የለውም። ስለዚህ "የኛ ነው አንሰጥም" በሚለው ከሄዳችሁ እዛው ቢሮ በር ላይ ነው የምትሸነፉት። በሌላ በኩል ያው ህገ መንግስት አንቀጽ 43 ላይ ማህበረሰቡን የሚነካ ፕሮጀክት ሲመጣ ሰው ሃሳቡን ሊጠየቅ ይገባል ይላል፣ አንቀጽ 30 ደግሞ በሰላም መሰብሰብንና አቤቱታ ማቅረብን ይፈቅዳል። እና "ሳታማክሩን ችካል ተከላችሁ" የሚለው አንድ መስመር "ጫጫታ ይበዛል" ከሚለው ሙሉ ገጽ ይበልጣል፣ ወረቀታችሁ ላይ ግን እሱ የለም!

ቀጥሎ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ የከተማውን መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የትኛው ቦታ ለምን እንደተያዘ የሚያሳየውን፣ አሳዩን በሉ። የከተማ ፕላን አዋጁ ቁጥር 574/2000 ነው፣ መዋቅራዊ ፕላን በዛ አዋጅ 10 ዓመት ያገለግላል። ፕላኑ ላይ ሜዳው አረንጓዴ ቦታ ተብሎ ከተቀባ ጥሩ ክርክር አላችሁ፣ ለማህበራዊ አገልግሎት ተብሎ ከተያዘ ግን ሌላ ቦታ ይሂድልን የሚለው ብዙ አያስኬድም። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ መከራከር በጨለማ ድንጋይ መወርወር ነው። ችካል መንቀሉንም ተዉት፣ ጥጃዋም ሌላ ቦታ ትታሰር።

አሁን እኔ ብሆን የምለውን ልንገርሽ፣ ትምህርት ቤቱን ትቼ በሩን ነበር የምሟገተው። የትምህርት ቤት ጣጣ የሚጀምረው በሩ ካለበት ነው፣ ሰውም ባጃጅም ማስቲካና ቆሎ የሚሸጠውም የሚሰበሰበው እዛ ነው። በሩ ወደ እናንተ ቤቶች ዞሮ ከተከፈተ ያሰባችሁት ጫጫታ በሙሉ ይመጣል፣ በአስፓልቱ በኩል ደግሞ ከሆነ ልጆቹ እየሮጡ ሲወጡ መኪና ፊት ነው የሚገቡት፣ ስለዚህ ከአስፓልቱ ገባ ብሎ በጎን በኩል ቢሆን ነው የሚሻለው። አጥሩ ደግሞ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር መዋጥ የለበትም፣ በአንድ ጎኑ ለእግረኛም ሬሳ ለተሸከመ ሰውም የሚበቃ መንገድ ይተው፣ ይሄ ፕላኑ ላይ በመስመር ተስሎ ይግባ፣ "ችግር የለም እንተውላችኋለን" የሚል የቃል ተስፋ አጥሩ ሲገነባ ይረሳል።

ስለ ውሃው በጣም አሳስቦኛል። ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ሽንት ቤቱ ነው፣ የውሃ ጉድጓድ ከሽንት ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ሽንት ቤቱም ከጉድጓዱ ዝቅ ካለ ቦታ ይሁን የሚባለው ዝም ብሎ አይደለም፣ ከላይ ከሆነ ውሃው ወደታች ይዞት ይመጣል። ብዙ መቶ ተማሪ የሚጠቀምበት ሽንት ቤት እንደ አንድ ቤተሰብ ሽንት ቤት አይደለም። ሁለተኛው የጣሪያው ውሃ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው፣ 500 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ በአንድ ቀን 40 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 20 ሺ ሊትር ውሃ ባንድ ጊዜ ይፈሳል ማለት ነው፣ የጎጃምን ሐምሌ ደግሞ አንቺም እኔም እናውቀዋለን። ያ ውሃ ቦይ ካልተሰራለት ወይ እናንተ ግቢ ይገባል ወይ መንገዱን ቦርቡሮ ገደል ያደርገዋል። ቦይ ተሰርቶለት የተወሰነው ሮቶ ውስጥ ቢጠራቀም ግን ለተማሪዎቹ እጅ መታጠቢያ ይሆናል፣ ሽንት ቤቱም ይጸዳል። እንዲህ ብሎ ቁጥር ይዞ የመጣን ሰፈር ኢንጂነሩም ዝም ብሎ አያልፈውም።

የእድሩን ድንኳን ነገር ቅዳሜና እሁድ ግቢው ክፍት እንዲሆን በጽሑፍ ተስማሙ፣ ጥበቃ ሲቀጠርም ከሰፈር ይሁን በሉ፣ በቃ።

እና ወረቀቱ እንደገና ይጻፍ። ሶስት አራት መስመር ትበቃለች፣ ትምህርት ቤቱን እንፈልጋለን፣ በሩ በዚህ፣ መንገዱ በዚህ፣ ሽንት ቤቱ በዚህ። ስትወስዱት መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፣ ኮፒያችሁ ላይ ቁጥርና ማህተም ካልተመታበት እንዳላስገባችሁ ቁጠሩት። አሁን ያለው ወረቀት ግን አንድ አደጋ አለው፣ ባለስልጣኑ አንስቶ "እነዚህ ሰዎች ትምህርት አይፈልጉም" ብሎ በጀቱን ሌላ ቀበሌ ሊወስደው ይችላል። መንግስት ራሱ ለአንደኛ ደረጃ ያስቀመጠው ስታንዳርድ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው፣ የልጅሽ ክፍል ከአንድ ክፍል ተኩል በላይ ልጅ ይዟል። በዛ ላይ በኛ አካባቢ ልጆች ሰሞኑን በግጭቱ ምክንያት ስንት ጊዜ ከትምህርት ርቀው እንደከረሙ እያየን፣ እግሩ ድረስ የመጣን ትምህርት ቤት መመለስ ኋላ ያስቆጫል።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ ሰው ፊት እምቢ ማለትሽ ነው የጎዳው እንጂ ሃሳብሽ አይመስለኝም። አንድ ቀን ልጅቷን ከትምህርት ቤት አንተ አምጣት በይው፣ ዝናብ ባለበት ቀን ቢሆን ይመረጣል። ምንም አትጨምሪበት፣ አብሯት በእግሩ ይምጣ። ከዛ ማታ እራት ላይ ብዕርና ወረቀት አቅርቢለት፣ ጸሐፊው እሱ ስለሆነ አዲሱንም እሱ ይጻፈው፣ እድሩ ፊትም እሱ ያንብበው፣ አንቺ ደግሞ መጀመሪያ ፈርሚ። ያቺን በር ላይ የተናገረችሽን ሴት ቡና ጥሪያት፣ ትመጣለች፣ የሰፈር ሴት ወሬ ከሌለ አትችልም።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ፣ ምዕራብ ጎጃም። አጠገቤ የግል ትምህርት ቤት ተከፍቶ ሞንታርቦው በቀጥታ ወደ መኝታ ቤቴ መስኮት ዞሯል፣ ጠዋት 1፡30 ላይ ሚኒ ሚዲያ ተብሎ ዘፈን ይለቀቃል፣ ከዛ መዝሙር፣ ከዛ ማስታወቂያ። ግፊት አለብኝ። መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ይችላሉ፣ ግን ክሱን መጨረሻ ላይ ያድርጉት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ህግ ቁጥር 1225 ባለቤት የሆነ ሰው ጎረቤቱን በጭስ፣ በመጥፎ ጠረን፣ በድምጽ፣ በንዝረት ከመልካም ጉርብትና በላይ ማስቸገር የለበትም ይላል፣ የአካባቢው ልማድም ይታያል። የሰልፍ መዝሙር ልማድ ነው፣ ዘፈኑ ግን ልማድ አይደለም፣ ልዩነቱን ይያዙት። መጀመሪያ ርዕሰ መምህሩን ቤትዎ ይጥሩት፣ ልክ 1፡30 ላይ፣ አልጋዎ ጫፍ ላይ አስቀምጠው ሻይ ይስጡት። ሞንታርቦውን ወደ ሜዳው ማዞር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እምቢ ካለ የቀበሌ ሽማግሌ፣ ከዛ ወረዳ ፍርድ ቤት፣ የሐኪም ወረቀትዎንም አይጣሉት።

ጥያቄ፦ ገበሬ ነኝ፣ ለትምህርት ቤት ማስፋፊያ ከጤፍ መሬቴ ላይ ጥማድ ያህል ይወሰዳል ተብያለሁ። ሊቀመንበሩ በቃል ነው የነገረኝ። ዝም ልበል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በቃል የተነገረህን በጽሑፍ ስጡኝ በል፣ የመሬት ደብተርህንም ለማንም አትስጥ። መሬት ለህዝብ ጥቅም ሲወሰድ ካሳ አለው፣ አዋጅ 1161/2011 ላይ ቅሬታ ያለው ሰው ትዕዛዙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው ያቀርባል፣ ያ ቀን ካለፈ ማንም አይሰማህም። ካሳው ሲሰላ ያለፉት ዓመታት ምርትህ ስለሚታይ ስንት ኩንታል እንዳገባህ፣ የትኛውን ዓመት ጤፍ የትኛውን ዓመት ስንዴ እንደዘራህ አሁኑኑ ጻፈው፣ ምስክር የሚሆኑህን ወሰንተኞችህንም አስበህ ያዝ። አዋጁ ላይ ከዛ ወዲህ ማሻሻያ ስለወጣ ወረዳ ፍትህ ጽ/ቤት ብቅ ብለህ ጠይቃቸው፣ መጠየቅ በነጻ ነው። የግማሽ ቀን ስራ ይበላብሃል፣ ለአረም ሰው ተካና ሂድ።