ጣታችሁን ቀለም ከማስነካታችሁ በፊት

ይድረስ ለልጆቼ፤ ዓረብ ሀገር ለመሄድ ፓስፖርት ላወጣችሁ፣ እዚያው ሥራ ላይ ላላችሁ፣ ተባርራችሁ ለተመለሳችሁም።

እንደምን ከረማችሁ? እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ 31 ዓመት የሠራሁት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ነው። ከሥራ የተሰናበተ ሰው ወረቀቱን ይዞ ወደኔ ጠረጴዛ ይመጣ ነበር። የስንብት ክፍያውን በእርሳስ አሰላለታለሁ፤ ጎድሎ ከሆነም አሠሪውን ጠርቼ አነጋግራለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ሰው ወረቀት ይዞ ቤቴ መምጣቱን አልተወም። ድሮ የሚመጡት የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። አሁን አብዛኞቹ ከሪያድ፣ ከጅዳ፣ ከኩዌት፣ ከዱባይ የተመለሱ የመሐል ሜዳ፣ የደብረ ሲና፣ የሸዋ ሮቢትና የአጣዬ ልጆች ናቸው።

ከነሱ መካከል የአንዲቷ ወረቀት ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

2015 ዓ.ም፣ ሐምሌ ውስጥ ነው። ደብረ ብርሃን በሐምሌ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ጭጋጉና ብርዱ ከቤት አያስወጣም። ከመንዝ በኩል የመጣች ልጅ በር አንኳኳች። እሳት ዳር አስቀመጥናት። ትንሽ ሞቅ ሲላት በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ከጉያዋ አወጣች። «ጋሼ፣ ይቺን ያንብቡልኝ» አለችኝ። ሙሉው በዐረብኛ ነው። ከግርጌው ሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራ አለበት። የራሷ ጣት ነው።

እኔ ዐረብኛ አላነብም። ዐረብኛ የሚያስተምሩ የቆዩ ወዳጄ ሼህ አሉ፤ ተያይዘን ወደሳቸው ሄድን። መነጽራቸውን አደረጉና ቀስ ብለው አነበቡ። አንዷ መስመር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ጀሚዕ ሙስተሐቃቲ» ትላለች። «የሚገባኝን ሁሉ» ማለት ነው። ደመወዜን፣ የአገልግሎት (የስንብት) ክፍያዬን፣ ሌላውንም ጥቅሜን ሁሉ ተቀብያለሁ፤ ከእንግዲህ በአሠሪዬ ላይ ምንም ጥያቄ የለኝም ይላል ወረቀቱ።

ልጅቷ ሼሁን አየች፤ እኔን አየች። «እኔ እኮ ቲኬቱን መቀበሌን መስሎኝ ነው» አለች።

እንዴት እንደፈረመችም ነገረችን። ከእንግዲህ አንፈልግሽም ያሏት ማታ ነው። በረራዋ በማግስቱ ጠዋት ነበር። ሻንጣዋ መኪና ላይ ተጭኗል። ባልየው ሞተር አስነስቶ ይጠብቃል። ማዳም ወረቀቱን ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ቀለሙን ከፍታ «እዚህ ጋ» አለቻት። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ማዳም ክፉ ሴት አልነበረችም። አቅፋ፣ አልቅሳ ነው የሸኘቻት። 300 ሪያልም በእጇ አስጨበጠቻት። ልጅቷ ይህን የነገረችን እያመሰገነች ነው።

ይህች ልጅ ሳዑዲ ውስጥ ለአንድ ቤት፣ ሳታቋርጥ፣ አራት ዓመት ከሦስት ወር ሠርታለች። ደመወዟ በወር 1,000 ሪያል ነበር። በሀገሩ የቤት ሠራተኞች ደንብ፣ ለአንድ አሠሪ አራት ተከታታይ ዓመት ያገለገለች ሠራተኛ ስትሰናበት የአንድ ወር ደመወዝ ይገባታል። 1,000 ሪያል ማለት ነው። 300ው በስጦታ መልክ እጇ ገባ፤ 1,000ው ደግሞ በወረቀት ላይ እንደተከፈለ ተቆጠረ። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ገንዘቡን አጥታ፣ በላዩ ላይ ደግሞ አመስግና መጣች።

እዚህ ላይ የራሴንም ጥፋት ልንገራችሁ። ሼሁ ዘንድ ከመሄዳችን በፊት፣ ገና እሳት ዳር ሆና አራት ዓመት መሥራቷን ስትነግረኝ፣ እርሳሴን አንስቼ በለመድኩት በሀገራችን ሕግ አሰላሁላት። የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ይሰጣል። ከዚያ ወዲያ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያን ሲሶ ይጨምራል። ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በዚህ ሒሳብ «የሁለት ወር ይገባሻል» አልኳት። ስሌቱ ልክ ነው። ሕጉ ግን የእሷ አይደለም። የስንብት ክፍያ የሚታሰበው በተሠራበት ሀገር ሕግና በተፈረመው ውል ነው። ኋላ ቁጥሩን ሳስተካክልላት ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። የየሀገሩን ሕግ ፈልጌ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያን ቀን ወዲህ ነው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ያዙልኝ። የስንብት ክፍያ ምርቃት አይደለም። ነጋዴ ሰፍሮ ከጨረሰ በኋላ በደግነት ጣል እንደሚያደርገው ዓይነት ነገር አይደለም። ወር በወር ስትሠሩ አብሮ ሲጠራቀም የቆየ የላባችሁ ዋጋ ነው። የሚከፈልበት ቀን ብቻ ነው ወደ መጨረሻ የተገፋው። «ደግ ከሆኑ ይሰጡኛል» ብላችሁ አትጠብቁ። ልኩን ዕወቁ።

ልኩ ግን ከሀገር ሀገር በጣም ይለያያል። በሰው ቤት ለምትሠሩ እህቶች በተለይ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ኩዌት በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የቤት ሠራተኞች ሕግ ውሉ ሲያልቅ ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ይሰጣል። በ120 ዲናር አራት ዓመት የሠራች ልጅ 480 ዲናር ይዛ መውጣት አለባት። ኳታር በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ቢያንስ በዓመት የሦስት ሳምንት ደመወዝ ነው። ሳዑዲን ነግሬያችኋለሁ፤ አራት ዓመት ካልሞላ በደንቡ የለም። ሊባኖስ ደግሞ የቤት ሠራተኛን ጭራሹን ከሥራ ሕጓ ውጭ አድርጋለች። በ2020 እ.ኤ.አ. የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎቻቸው ቤይሩት በሚገኘው ቆንስላችን በር ላይ ከነሻንጣቸው የጣሏቸውን እህቶቻችንን ያላስታወሰ የለም። ስለዚህ «ዓረብ ሀገር ነው የምሄደው» አትበሉ። የትኛው ሀገር? የቤት ሥራ ነው ወይስ የድርጅት? የስንብት ገንዘባችሁ ገና ሳትነሱ የሚወሰነው በነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው።

አሁን ወንድሞችን ላናግር። ጣርማበርን ወጥቶ ከሸዋ ሮቢት የሚመጣ አንድ ወጣት አለ። ሳዑዲ ውስጥ በአንድ ድርጅት መጋዘን ሰባት ዓመት ሠርቷል። የመጨረሻ ደመወዙ 2,400 ሪያል ነበር። ድርጅቱ ሠራተኛ ሲቀንስ አሰናበተው። የሳዑዲ የሥራ ሕግ አንቀጽ 84 ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በዓመት የግማሽ ወር፣ ከዚያ በኋላ ላሉት በዓመት የሙሉ ወር ደመወዝ ይላል፤ የሚታሰበውም በመጨረሻው ደመወዝ ነው። አብረን ቆጠርነው። አምስት ጊዜ 1,200 ሲሆን 6,000። ሁለት ጊዜ 2,400 ሲሆን 4,800። ጠቅላላ 10,800 ሪያል።

የተሰጠው ግን 7,200 ነው። ልጁም «ቀንሰው ሰጡኝ፣ ይሁን ብዬ ተውኩት» አለኝ። ቁጥሩ ግን ዝም ብሎ የተቀነሰ አልመሰለኝም። 7,200 የ10,800 ሁለት ሦስተኛ ነው። በዚያው ሕግ አንቀጽ 85 ላይ፣ ከአምስት ዓመት በላይ ሠርቶ አሥር ያልሞላው ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ከለቀቀ የሚያገኘው ሁለት ሦስተኛውን ነው። ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ከሆነ ሲሶውን ብቻ ነው። «የፈረምከው ወረቀት አለ?» አልኩት። ስልኩ ውስጥ ፎቶው ነበር። ሼሁ ሲያነቡት የሥራ መልቀቂያ ማመልከቻ ሆኖ ተገኘ። ያባረሩትን ልጅ «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ» አስብለው አስፈርመውታል። የዚያች ፊርማ ዋጋ 3,600 ሪያል ነው።

ስለዚህ ተባርራችሁ ሳለ «ለቅቄያለሁ» በሚል ወረቀት ላይ አትፈርሙ። በራሳችሁ ፈቃድ የምትለቁ ከሆነም ቀኑን ቁጠሩ። አምስት ዓመት ሊሞላችሁ ሁለት ወር ሲቀራችሁ መልቀቅና ከሞላ በኋላ መልቀቅ አንድ አይደለም። ለሴቶች ደግሞ እዚያው ሳዑዲ በድርጅት የምትሠሩ ከሆነ አንድ መልካም ነገር አለ። ባገባች በስድስት ወር፣ ወይም በወለደች በሦስት ወር ውስጥ የለቀቀች ሠራተኛ ሙሉውን ታገኛለች። ይህን የሚያውቅ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

ዱባይና አቡዳቢ በድርጅት የምትሠሩ፣ አንድ ዓመት ከሞላችሁ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በዓመት የ21 ቀን፣ ከዚያ በላይ በዓመት የ30 ቀን ነው፤ በ14 ቀን ውስጥም ሊከፈላችሁ ይገባል። የሚታሰበው ግን በመሠረታዊ ደመወዝ ነው። ውላችሁ ላይ 1,500 ድርሃም ተብሎ መሠረታዊው 800 ብቻ ከሆነ፣ የቀረው የቤትና የትራንስፖርት ነው፤ ለስንብት አይቆጠርም። ሦስት ዓመት የሠራ ሰው በ1,500 አስልቶ 3,150 ሲጠብቅ 1,680 ይመጣለታል። ውል ስትፈርሙ ዓይናችሁ ድምሩ ላይ ብቻ አይቅር።

ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ሦስት ዓይነት ገንዘብ በአንድ ስም ሲጠራ እሰማለሁ። ያልተከፈለ ደመወዝ አንድ ነገር ነው። የስንብት ክፍያ ሌላ ነው። ያለ በቂ ምክንያት ለመባረር የሚከፈል ካሣ ደግሞ ሌላ ነው። በሳዑዲ የሥራ ሕግ የጊዜ ገደብ ያለው ውል ሳያልቅ ያለ ሕጋዊ ምክንያት የተባረረ ሰው፣ ውሉ ላይ የካሣው መጠን ካልተጻፈ፣ የቀሪው ጊዜ ደመወዝ ይታሰብለታል፤ ይህም ከሁለት ወር ደመወዝ ሊያንስ አይችልም። «ስንብትህን ከፍለንሃል» ቢሏችሁ የቀሩት ሁለቱ አልተነኩም። በሌላ በኩል እውነቱን እንነጋገር። አሠሪውን የመታ፣ ወይም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ያለ ምክንያት በተከታታይ ከ15 ቀን በላይ ከሥራ የቀረ ሰው ያለ ስንብት ክፍያ ሊባረር ይችላል። ከአሠሪዋ ጠፍታ ሌላ ቦታ የምትሠራ ልጅም መብቷን ለመጠየቅ በጣም ትቸገራለች። ከጠፋች በኋላ ደጅ ከመጥናት፣ ሳትጠፋ በፊት አቤት ማለት ይሻላል።

ማስረጃስ? እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚወድቁት። ውሉን፣ ፓስፖርቱን፣ የመግቢያ ማኅተሙን፣ ኢቃማውን (የመኖሪያ ፈቃዱን) በስልክ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ለእናት ወይም ለወንድም በኢሞ ወይም በቴሌግራም ላኩ፤ ስልካችሁ ቢወሰድ እዚህ ይገኛል። ደመወዝ በባንክ ይግባላችሁ። ባንክ ያሳለፈውን ማንም አይክደውም። ቀን ስትጽፉ በፓስፖርቱ ማኅተም ላይ እንዳለው ጻፉ። አንዷ ልጅ «ጥቅምት ገባሁ» ትለኛለች፣ ወረቀቷ በሒጅራ ነው፣ ቲኬቷ በፈረንጅ ነው፤ ሦስቱን ለማስታረቅ ግማሽ ቀን ፈጀብን።

የመጨረሻው ቀን ላይ ወረቀት ሲመጣ፣ መጀመሪያ ፎቶ አንሱት። ዐረብኛ ለሚያነብ ሰው ላኩና በድምፅ ይንገራችሁ። ገንዘቡን ቁጠሩ። ካልሞላ ከፊርማችሁ ወይም ከአሻራችሁ አጠገብ የተቀበላችሁትን ልክና ቀኑን በአማርኛ ጻፉ፤ «300 ሪያል ብቻ ተቀብያለሁ» ማለት በቂ ነው። ይህን ማድረግ የሚያስደበድባችሁ ወይም ከቤት የማያስወጣችሁ ከሆነ ግን ልጆቼ፣ ፈርማችሁ ውጡ። ከነፍስ የሚበልጥ የለም። ነገሩን ደህና ቦታ ስትደርሱ ወዲያው ለኤምባሲው፣ ለኤጀንሲውና ለቤተሰብ አሳውቁ፤ በግድ መፈረማችሁንም ተናገሩ።

ከተመለሳችሁ በኋላ ሁሉ ነገር አለቀ ማለት አይደለም። በኤጀንሲ የሄደ ሰው እዚሁ ሀገር የሚጠይቀው አለ። የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 ኤጀንሲውን ውሉ ሲጣስ ከአሠሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ሙሉውን ከአንዱ ብቻም መጠየቅ ይቻላል ማለት ነው። ለዚህም ነው ኤጀንሲ ፈቃድ ሲያወጣ በዝግ ሒሳብ የዋስትና ገንዘብ የሚያስቀምጠው። «እሱ የዓረቡ ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ሲሏችሁ ተነሥታችሁ አትውጡ። አቤቱታችሁን በጽሑፍ አስገቡ፤ የገባበትን ማኅተም ያለበት ቅጂ ያዙ። በደላላ የሄደ ግን ይህ በር የለውም። ደላላው የቀነሰላችሁ የመሰላችሁ ገንዘብ እዚህ ላይ ነው የሚወጣው።

በድርጅት ስትሠሩ ከነበረ እዚያው ሳዑዲ መክሰስም ይቻላል፤ መጀመሪያ በማስማማት፣ ካልሆነ በሠራተኛ ፍርድ ቤት። ግን ሥራው ከተቋረጠ 12 ወር ካለፈ አይቀበሉም። የሸዋ ሮቢቱ ልጅ ወደኔ የመጣው በዘጠነኛው ወር ነው። እዚያው ለቀረ ጓደኛው ውክልና ሰጠ፤ በውጭ ጉዳይና በኤምባሲው አስመሰከርነው። ከተባረረ በኋላ ድርጅቱ የላከለት የስልክ መልእክት አልጠፋም ነበር፤ «ሠራተኛ ስለቀነስን» የሚል ቃል አለበት። በማስማማቱ ላይ ከ3,600ው 2,500 ሪያል ተከፈለው። የመንዟ ልጅ ግን ስትመጣ ከተመለሰች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነበር። ወረቀቱን ለማንም አላሳየችውም፤ የቲኬት መቀበያ መስሏት አስቀምጣው ነው የኖረችው።

እናም ሣጥን ውስጥ፣ ሻንጣ ኪስ ውስጥ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ያላችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ አውጡና ቀኑን እዩት። ዐረብኛ የሚያነብ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። የደብረ ብርሃን ልጆች የእኔን በር ታውቁታላችሁ፤ ሼሁም ከዙህር በኋላ ይገኛሉ። የተጨማደደም፣ ውሃ የነካውም ቢሆን አምጡት።