ኤችአይቪ፣ የሕመም ፈቃድና ጡረታ፦ የመልቀቂያ ደብዳቤውን አይፈርሙ

ጥያቄ፦ በአንድ የግል ድርጅት 12 ዓመት ሠርቻለሁ። የኤችአይቪ ቫይረስ በደሜ ውስጥ አለ፤ ዘንድሮ ሕመም ተደራርቦብኝ ከሥራ ደጋግሜ ቀርቻለሁ። አለቃዬ «በፈቃድህ ልቀቅ፣ ጡረታህን ትወስዳለህ» ይለኛል። ልፈርም?

መልስ፦ እባክዎ አይፈርሙ። ቫይረሱ በደም ውስጥ መገኘቱ ብቻውን የጡረታ አበል አያስገኝም፤ በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሰው ደግሞ ጡረታውን የሚያገኘው ዕድሜው ሲደርስ ነው።

አስቀድመው የሕመም ፈቃድዎን ይጠቀሙ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 85 እና 86 መሠረት ከታመሙበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ፣ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ፣ እስከ 6 ወር ፈቃድ አለዎት፦ 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ 2 ወር በግማሽ፣ የመጨረሻው 3 ወር ያለ ክፍያ።

ብዙ ሠራተኛ የሚጎዳው በሐኪም ማስረጃው ቀናት ነው። አንዱ ወረቀት በ10 አብቅቶ ቀጣዩ ከ13 ቢጀምር፣ መሃል ያሉት ቀናት እንደ መቅረት ይያዛሉ። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 የሥራ ቀን መቅረት ደግሞ ከሥራ ያሰናብታል። ስለዚህ በቀሩ ማግስት ያሳውቁ፤ ማስረጃውን ሲያስገቡም ኮፒው ላይ «ደርሶናል» አስብለው ከፊርማና ከቀን ጋር ይያዙ። የበሽታውን ስም ለአሠሪው የመግለጽ ግዴታ የለብዎትም፤ ሐኪሙ የዕረፍት ቀናቱን ብቻ እንዲጽፍ ይጠይቁ። የኤችአይቪ ምርመራ ቢያዝዙዎት እምቢ ማለት ይችላሉ፤ በቫይረሱ ምክንያት ማግለልም በአንቀጽ 14 የተከለከለ ነው።

ጤናዎ ለሥራው እንደማይበቃ በሕክምና ቦርድ ተረጋግጦ ከተሰናበቱ ነገሩ ይለወጣል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ቢያንስ 10 ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ የጤና ጉድለት ጡረታ አበል ዕድሜ ልክ ይሰጣል። መነሻው የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ሲሆን፣ ከ10 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። የእርስዎ 32.5 በመቶ ነው፤ አማካዩ 12,000 ብር ቢሆን በወር 3,900 ብር። ከደመወዝዎ የተቆረጠው 7 በመቶና የድርጅቱ 11 በመቶ መዋጮ በየወሩ መግባቱን ግን ዛሬውኑ ከግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ያጣሩ። ሥራ ላይ እያሉ ጉድለቱን ማስተካከል ይቀላል።

ያለ ሕጋዊ ምክንያት ቢያሰናብቱዎት፣ ወደ ሥራ የመመለስ ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። «በሽምግልና እንጨርሰው» እየተባለ ጊዜው እንዳያልፍብዎ፤ ሽምግልናው ክሱ ከተከፈተ በኋላም ይቀጥላል።