ባህር ዛፍ ጫፍ ላይ ውሃውን ማን አወጣው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ደምበጫ ነው። ጓሯችን ዳር ያለው ባህር ዛፍ ከቤታችን ቆርቆሮ አራት እጥፍ ይረዝማል። ጫፉ ላይ ያለው ቅጠል ግን በጋውንም ለምለም ነው። ዛፍ ልብ የለው፣ ሞተር የለው፣ ውሃውን እዚያ ድረስ ማን አወጣው? እናቴን ብጠይቃት «ሥሩ ነዋ የሚገፋው» አለችኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ጥያቄሽን ሳነብ ደስ ነው ያለኝ፤ ሊቃውንቱም ብዙ ዘመን የተከራከሩበት ነገር ነው።

ከእናትሽ ልጀምር፤ እውነት አላቸው፣ ግን በከፊል። ሥር ውሃ ይገፋል። በጠዋት በቆሎ ማሳ ስትገቢ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ የምታዪው ጠብታ ሁሉ ጤዛ አይደለም፤ አንዳንዱ ሌሊቱን ሥሩ ገፍቶ ያወጣው ነው። ችግሩ ይህ ግፊት ለረጅም ዛፍ አይበቃም፤ ደግሞም የሚበረታው ሌሊት ነው፣ ዛፉ ውሃ በብዛት የሚወስደው ግን ቀን ፀሐይ ስትከር ነው።

ታዲያ ማነው? ቅጠሉ ነው። ውሃው በዋናነት ከታች ተገፍቶ ሳይሆን ከላይ ተስቦ ነው የሚወጣው።

ቅጠል ላይ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉ። ቅጠሉ ምግቡን ለመሥራት አየር ሲፈልግ ይከፍታቸዋል፣ በዚያው ውስጡ ያለው ውሃ እየተነነ ይወጣል። ሥር ከሚወስደው ውሃ ከመቶው 95 እጅ በላዩ እንዲህ ተንኖ ነው የሚሄደው። አሁን እናትሽ ጥጥ ሲፈትሉ አስቢ። እንዝርቱን ሲያሾሩ ከባዘቶው ጥጡ እየተያያዘ ይወጣል፣ የፊተኛው የኋለኛውን ይስባል። ውሃም እርስ በርሱ አጥብቆ ይያያዛል፤ ከላይ ትንሿ ጠብታ ስትተን ከበታቿ ያለችውን ትስባለች፣ እሷም ቀጣይዋን፣ እንዲህ እያለ እስከ ሥር። ከቅጠል እስከ ሥር ያልተበጠሰ አንድ የውሃ ፈትል አለ ማለት ነው። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ፣ ፈትሉ የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ሕይወት የሌላቸው ባዶ ሕዋሳት መሆናቸው ነው። የሚስበውም ጉልበት የፀሐይ ነው።

ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኤድዋርድ ስትራስቡርገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ትልልቅ ዛፎች መርዝ እንዲስቡ አድርጎ ነበር። የግንዱ ሕያው ሕዋሳት ሞተውም ውሃው መውጣቱን ቀጠለ፤ የቆመው መርዙ ቅጠሉ ጋ ደርሶ ቅጠሉን ሲገድለው ነው። በ1894 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዲክሰንና ጆሊ የተባሉ የደብሊን (አየርላንድ) ተመራማሪዎች ይህን የመሳብ ነገር አስረዱ።

«እንደ ውሃ መሳቢያ ሞተር ነዋ» ትይኝ ይሆናል። አይደለም። ወንዝ ዳር የሚቀመጠው ሞተር ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ያሳሳል እንጂ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጭው አየር ክብደት ነው። ያ ደግሞ ባህር ጠለል ላይ እንኳ ከ10 ሜትር ብዙ አያልፍም፤ አየሩ በሚሳሳበት ደጋ፣ ደብረ ማርቆስን በመሰለ ቦታ፣ 8 ሜትር አይሞላም። ሞተሩ ከወንዙ በጣም ከፍ ብሎ ሲቀመጥ አልስብ የሚለው ለዚህ ነው። ካሊፎርኒያ ግን 115 ሜትር የሚደርስ ዛፍ አለ፣ ውሃውም ጫፉ ድረስ ይወጣል።

ፈትሉ ግን ይበጠሳል። በድርቅ ጊዜ ስበቱ ሲበረታ ቱቦው ውስጥ አየር ይገባና ያ ቱቦ ሥራ ያቆማል። የቆረጥሽው አደይ አበባ ቶሎ የሚጠወልግበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ አገዳውን ውሃ ውስጥ እንደነከርሽ ጫፉን እንደገና ብትቆርጪው ይሻለዋል።

እናንተ አገር በርበሬ የሚተክሉም ያውቁታል። ችግኝ ከመደብ ሲነቀል ቀጫጭኑ ሥር ይበጣጠሳል፣ ቅጠሉ ግን መሳቡን አይተውም። ውሃ እየጠጣም የሚጠወልገው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከነአፈሩ ነቅሎ ሲመሽ ወይም በደመና ቀን መትከል ነው።

በዓይኔ ልየው ካልሽ፣ ጠዋት ከባህር ዛፉ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ምረጪና ቅጠሉን እንደያዘ ውስጡን የሚያሳይ ላስቲክ አልብሺው፣ አፉን ጥብቅ አድርገሽ እሰሪው። ከሰዓት በኋላ ሄደሽ ስታዪው ላስቲኩ ውስጥ ውሃ አቅርሮ ታገኚዋለሽ። ለእናትሽም አሳዪያቸው።